የሰሜን ቨርጂኒያ የርችት ድንኳኖች፦ ገንዘብ የሚወጣበትና የማይወጣበት

ለአሜሪካ የነፃነት ቀን (ጁላይ 4) ሰኔ ሊያልቅ ሲል በሰሜን ቨርጂኒያ የገበያ ማዕከላት ፓርኪንግ ላይ የርችት ድንኳኖች ይተከላሉ። ወደ ሰማይ የሚተኮሰውን ፈልጎ የሚገባ ሰው ባዶ እጁን ይወጣል። የቨርጂኒያ ሕግ የሚፈነዳውን፣ ወደ ላይ የሚወጣውን፣ እሳት የሚወረውረውንና መሬት ለመሬት የሚሮጠውን ከልክሏል። ለሕዝብ የተፈቀደው ቆሞ የሚነደው ነው፦ ፋውንቴን፣ በእጅ ተይዞ ብልጭ የሚለው ሽቦ (ስፓርክለር)፣ ባለበት የሚሽከረከረው ፒንዊል፣ ሲነድ እንደ እባብ የሚጎለጎለው ጥቁር ክኒንና የመጫወቻ ሽጉጥ ካፕ። ከእነዚህ ውስጥ ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ፋውንቴን ብቻ ነው።

ፋውንቴን በጠንካራ ካርቶን ቱቦ ውስጥ የተጠቀጠቀ ባሩድና የብረት ብናኝ ነው። አፉ ላይ ከሸክላ ጭቃ የተሠራ ጠባብ ጉሮሮ አለው፤ ብልጭታውን ወደ ላይ የሚገፋው በዚያ ቀዳዳ ተጣቦ የሚወጣው ጋዝ ነው። ጥሩውንና መጥፎውን የሚለየውም እዚሁ ጋ ነው። ሳጥኑ በጉዞ ላይ ወድቆ ከነበረ የተጠቀጠቀው ባሩድ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ እሳቱ በአንድ ጊዜ የሚይዘውን ገጽ ያሰፋዋል፣ ጋዙም ከጉሮሮው አቅም በላይ ይሆናል፣ ያኔ ቆሞ ይነዳል የተባለው ነገር ይፈነዳል። ከመክፈላችሁ በፊት ዕቃውን ቀስ ብላችሁ አዘንብሉትና ፕላስቲኩ ግርጌ ላይ ግራጫ ዱቄት ተጠራቅሞ እንደሆነ እዩ። ዱቄት ካለ መልሱት። የማቀጣጠያ ክሩን ደግሞ ሥሩ ላይ ተመልከቱ፤ ከላላ ወይም ከተቆለመመ አትውሰዱት።

የፌዴራሉ የሸቀጦች ደህንነት ኮሚሽን፣ ሲፒኤስሲ፣ ክሩ ከ3 ሰከንድ ባላነሰ፣ ከ9 ሰከንድ ባልበለጠ ጊዜ እንዲነድ ያስገድዳል። ለኩሶ ለመራቅ ያላችሁ ጊዜ ይኸው ነው። የመቀመጫው ስፋትም ቢያንስ የቁመቱ አንድ ሦስተኛ መሆን አለበት፦ 30 ሴንቲ ሜትር የሚቆም ፋውንቴን 10 ሴንቲ ሜትር መቀመጫ ይፈልጋል። ቀጭንና ረጅም ሆኖ መቀመጫው ጠባብ የሆነ ዕቃ ካያችሁ በዓይን መለካት ይበቃል። ብዙ ቱቦ ያለው ፋውንቴን በጠቅላላው እስከ 200 ግራም ባሩድ ይይዛል፤ ቱቦዎቹ በእንጨት ወይም በፕላስቲክ መቀመጫ ላይ ግማሽ ኢንች ያህል ተራርቀው ከተተከሉ ግን እስከ 500 ግራም ይፈቀዳል። ሻጩን «ስንት ግራም ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ትልቅ ሳጥን ማለት ብዙ ባሩድ ማለት አይደለም፤ «አንድ ሲገዙ አንድ በነፃ» የሚለው ማስታወቂያም ስለ ግራሙ የሚነግራችሁ ነገር የለም።

ለቤተሰብ ተብሎ በአንድ ላይ የታሸገውን ትልቅ ፓኬት አንመክርም። ሲከፈት ግማሹ የእባብ ክኒንና ስፓርክለር ነው፤ ክኒኑ ሲሚንቶ ላይ በቀላሉ የማይለቅ ጥቁር እድፍ ይተዋል። በዚያው ገንዘብ ሁለት ደህና ፋውንቴን መርጦ መግዛት ይሻላል።

ስፓርክለርን በተመለከተ ሐሳባችን ቁርጥ ያለ ነው፤ ለልጅ አትግዙ። የሚነደው እስከ 1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ነው። ብልጭታው ካለቀ በኋላም ሽቦው እንደጋለ ይቆያል፤ ልጅ ደግሞ የሚጥለው እግሩ ሥር ነው። ማሸጊያው ላይ ራሱ እጅን ዘርግታችሁ ከሰውነት አርቃችሁ ያዙ፣ የጋለውን ሽቦ አትንኩ፣ ከልብስ አርቁ የሚል ትእዛዝ አለ። የአራት ዓመት ልጅ ይህን አይፈጽምም። ሲፒኤስሲ እንዳወጣው ግምት፣ በ2023 በርችት ተጎድተው ድንገተኛ ክፍል ከገቡት 9,700 ሰዎች ውስጥ 700 ያህሉን የጎዳው ስፓርክለር ነው። የእኛ የበዓል ልብስም አያግዝም፦ ሰፊ የሐበሻ ቀሚስና ወደ ፊት የተንጠለጠለ የነጠላ ጫፍ በቶሎ እሳት ይይዛል። ትልልቆቹ ከያዙት አንድ ሰው አንድ ብቻ ይያዝ፣ ነጠላው ይቀመጥ፣ ጫማው ድፍን ይሁን፣ ሽቦው እንዳለቀ ቀጥታ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ይግባ። ብዙ ስፓርክለር አስሮ በአንድ ላይ መለኮስ ፈንጂ መሥራት ነው።

ድንኳኑን ስትመርጡ ከዋጋው በፊት አያያዙን እዩ። የሽያጭ ፈቃዱ በግልጽ ይለጠፋል፤ ማጨስ ክልክል ነው የሚለው ጽሑፍ ከሩቅ ይነበባል፤ ቢያንስ ሁለት የእሳት ማጥፊያ ይኖራል፣ አንዱም የውሃ ነው። መተላለፊያው በካርቶን ከተዘጋ ወይም ሠራተኛው መግቢያው ላይ ሲጋራ ከያዘ ተመለሱ። «ከበድ ያለ ነገር አለ» ብሎ ወደ መኪናው የኋላ ዕቃ መጫኛ የሚወስዳችሁ ሰው ምናልባት የሚሸጥላችሁ ኤም-80 የሚባለውን ኃይለኛ ፈንጂ ነው። በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ አንድ ፋየርክራከር (ተለኩሶ የሚፈነዳ ትንሽ ርችት) የሚይዘው እስከ 50 ሚሊ ግራም የሚፈነዳ ዱቄት ሲሆን፣ ኤም-80 ግን 3 ግራም ያህል፣ ማለትም 60 እጥፍ፣ ይይዛል። ለሕዝብ መሸጡ በፌዴራል ደረጃ ከ1966 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ጣት የሚቆርጠውም እሱ ነው።

ብዙ ወገን የሚሳሳተው ግን ከገዛ በኋላ ነው። ከቨርጂኒያ በሕጋዊ መንገድ የተገዛው ፋውንቴን ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ሕገወጥ ይሆናል፦ የሜሪላንዶቹ ሞንትጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲዎች ስፓርክለርን ጨምሮ ሁሉንም ርችት ከልክለዋል። ዋሽንግተን ዲሲ ፋውንቴንንና ከ20 ኢንች የማይበልጥ ስፓርክለርን ይፈቅዳል፣ ፋየርክራከርን ይከለክላል። የአሌክሳንድሪያ ከተማ ሁሉንም ይከለክላል፤ ነገር ግን በፖስታ አድራሻቸው «አሌክሳንድሪያ» የሚሉ ብዙ ቤቶች የሚገኙት ፌርፋክስ ካውንቲ ውስጥ ነው። የትኛው ክልል ውስጥ እንዳላችሁ በካውንቲው ካርታ አረጋግጡ። በቨርጂኒያም ቢሆን የተፈቀደው ርችት የሚለኮሰው በግል ይዞታ ላይ፣ በባለቤቱ ፈቃድ ነው። ተከራይ ከሆናችሁ የአፓርትመንቱ ፓርኪንግ የእናንተ አይደለም፣ መናፈሻና መንገድም አይሆንም። ያልተፈቀደውን የተኮሰ ሰው እስከ 12 ወር እስራትና እስከ 2,500 ዶላር ቅጣት ሊደርስበት ይችላል።

አለኳኮሱ እንዲህ ነው። ሣር ላይ በቀጥታ አታስቀምጡ፣ ያዘነብላል፤ ሰፊ ጣውላ ወይም ብሎኬት አንጥፉና ፋውንቴኑን በሁለት ጡብ መሀል አቁሙት። ተመልካቹን ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ቢያንስ 10 ሜትር አርቁ። የውሃ ጎማው ተከፍቶ ይዘጋጅ። አንገቱ ረጅም በሆነ ላይተር፣ ፊታችሁን ከአፉ አርቃችሁ፣ ከጎን ለኩሱ። ክሩ ነዶ ፋውንቴኑ ዝም ካለ 20 ደቂቃ አትጠጉት፣ ከዚያ ውሃ አፍስሱበት፤ ዳግመኛ አይለኮስም። የነደደውም ያልነደደውም ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ይደር። እንደሞቀ ቆሻሻ ውስጥ የተጣለ ቱቦ ሁሉ ሰው ከተኛ በኋላ ጋራዡን ሊያቃጥል ይችላል።

ለእንቁጣጣሽ አስቀምጣለሁ የሚል ካለ፣ ጋራዥና የመኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ አይሆኑም። የሐምሌና የነሐሴ እርጥበት ባሩዱን ያብጠዋል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከላይ የተባለው ፍንዳታም ከዚያ ይመጣል። ልጅ በማይደርስበት፣ ከቦይለርና ከምድጃ በራቀ ደረቅ ቁም ሣጥን ውስጥ በካርቶኑ እንዳለ አስቀምጡት። መስከረም ላይ ስታወጡት ወረቀቱ ከተሸበሸበ ወይም ጉሮሮው ላይ ነጭ ጨው መሰል ነገር ከወጣ በቀጥታ ባልዲ ውስጥ ክተቱት።