የሴቶች ኳስ በሙሉ ድምፅ የሚታይባት የሳቢያኗ ዲኤስቲቪ ቤት

ድሬ ውስጥ ኳስ ማሳያ ሞልቷል። የሴቶች ጨዋታ በወጉ የሚያሳይ ግን ከሳቢያን ሰፈሯ ቤት ሌላ አላየሁም። ከአስፋልቱ ገባ ብላ ያለች፣ በሯ ቆርቆሮ የሆነ ጠባብ ቤት ናት። ስም የላትም። የዕለቱ ጨዋታዎች በሩ ላይ በጠመኔ ይጻፋሉ፤ የሴቶቹም ከወንዶቹ እኩል በትልቁ።

የሰፈር ሴት ልጆችን ኳስ አሠለጥናለሁ። ልጆቹ ትልቅ ጨዋታ እንዲያዩ ይዣቸው ስወጣ ብዙ ቤት ድምፁን ዘግቶ ሙዚቃ ይለቅብናል። አንዱ ቤት እንዲያውም ሁለተኛው አጋማሽ እየተካሄደ ጣቢያውን ቀየረብን። ገንዘባችንንም አልመለሰም። በጣም ያንገበግባል።

እዚህ እንዲህ የለም። በፈረንጆቹ 2025 በተካሄደው የአፍሪካ ሴቶች ዋንጫ ግማሽ ፍጻሜ፣ ናይጄሪያና ደቡብ አፍሪካ ሲጫወቱ፣ ከኋላ የተቀመጡ ጎረምሶች የዝውውር ወሬ ይከፈትልን አሉ። ባለቤቱ ሪሞቱን ኪሱ ከተተና “አቦ ተዉኝ! ግማሽ ፍጻሜ እኮ ነው!” አላቸው። ዝም አሉ። ከዚያ እነሱም ተመስጠው ማየት ጀመሩ።

ልጆቼን ይዤ የሄድኩት ለጎሉ ብቻ አልነበረም። የደቡብ አፍሪካዋን አሠልጣኝ ዴዚሬ ኤሊስን እንዲያዩልኝ ነው። ቤቱ እረፍት ላይ የማስታወቂያውን ድምፅ ስለሚቀንስ እንደ ልብ ይወራል። እኔም ታሪኳን ነገርኳቸው። የኬፕታውን ልጅ ናት። በአፓርታይድ ምክንያት አገሯ ከዓለም ኳስ ታግዳ ስለነበር፣ የሴቶቹ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደረገው በ1993 ነው። እሷ ያኔ 30 ዓመቷ ነበር። ስዋዚላንድን 14 ለ 0 ሲያሸንፉ ሦስቱን ጎል እሷ አገባች። በኋላ አምበል ሆነች። በ2016 ቡድኑን በጊዜያዊነት ተረከበች፣ በ2018 በቋሚነት ተሾመች። በዚያው ዓመት የአፍሪካ ፍጻሜ ላይ በናይጄሪያ በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፈች። አልተወችውም። በ2022 ራባት ላይ አዘጋጇን ሞሮኮን 2 ለ 1 አሸንፋ ዋንጫውን አነሳች። ሁለቱንም ጎል ያገባችው ሂልዳ ማጋያ ናት። በ2023 ዓለም ዋንጫ ደግሞ ጣሊያንን 3 ለ 2 ረትተው ጥሎ ማለፍ ገቡ።

“በ30 ዓመቷ ነው የጀመረችው?” አለችኝ ተከላካያችን። “እኔ ታዲያ ገና ነኛ!”

የኛዎቹ ሉሲዎች በፈረንጆቹ 2004 እዚያው ደቡብ አፍሪካ በተካሄደው ዋንጫ አራተኛ መውጣታቸውንም አብሬ ነገርኳቸው። አንዳቸውም አልሰሙም ነበር። ይሄ ለምን እንደማይነገራቸው አይገባኝም።

ጨዋታው በባከነ ሰዓት በሚሼል አሎዚ ጎል 2 ለ 1 ለናይጄሪያ አለቀ። ልጆቹ አዘኑ። ባለቤቱ ግን ቶሎ ውጡልኝ አላለም። ዴዚሬን ጨዋታው ካለቀም በኋላ እስኪበቃቸው አዩዋት። ሲጋራ ውስጥ አይጨስም፤ ልጅ ይዞ ለሚመጣ ሰው ትልቅ ነገር ነው።

ጉድለትም አላት። ከቬንትሌተሮቹ የሚሠራው አንዱ ብቻ ነው፤ በድሬ ሙቀት ይሄ ቀልድ አይደለም። አግዳሚዎቹ መደገፊያ የላቸውም። ጀነሬተር ስለሌለ መብራት ከሄደ ጨዋታው አለቀ ማለት ነው። ከሁሉ የባሰው ሽንት ቤቱ ነው፣ ከውስጥ የሚዘጋበት መቀርቀሪያ የለውም። ልጆቼ ተራ በተራ በር ይዘው ነው የገቡት። ሴቶችን በክብር የሚያስተናግድ ቤት ይሄን ነገ ዛሬ ሳይል ማሠራት አለበት። ለባለቤቱም ነግሬዋለሁ፣ እሺ ብሏል።

መግቢያው 30 ብር ነው፣ ለተማሪ ግማሽ። ቀዝቃዛ ውሃና ሳምቡሳ አለ፤ ሳምቡሳው ቶሎ ያልቃል። ቬንትሌተሩ የሚሠራው በግራ በኩል ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ሄዳችሁ እዚያ ጋ ቦታ ያዙ።