ፓርከር 51 እና የዘመኑ ብዕር፦ ከወራት የእድር ጽሕፈት በኋላ

ሱሉልታ የእድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላት መዝገቡ፣ ቃለ ጉባኤው፣ የቀሪዎች ቅጣት፣ ሁሉም በእጅ ነው የሚጻፈው። ከመስከረም ጀምሮ ሥራውን ለሁለት ብዕሮች አካፍያለሁ። አንዷ ከምናለሽ ተራ የተገዛች አሮጌ ፓርከር 51 ናት፤ ሌላው የብረት ጫፍና የፕላስቲክ አካል ያለው አዲስ ብዕር ነው። የአዲሱን ፋብሪካ አልጠራም፤ ችግሩ እኔ እጅ የገባው ብቻ ሊሆን ይችላል። ደረሰኝ ግን በሁለቱም አልቆርጥም። ካርቦን ጫን ካላሉት ወደ ታች አያልፍም፣ የቀለም ብዕር ደግሞ መጫን አይወድም። ለደረሰኝ እስክሪብቶ ይበቃል።

በፊደላችን ለሚጽፍ ሰው የብዕር መዝለል ልዩ መከራ ነው። በላቲን የሚጽፉት ቃሉን እየቀጣጠሉ ይሄዳሉ፤ እኛ ለእያንዳንዱ ፊደል፣ አንዳንዴም ለእያንዳንዱ ጭረት ብዕር እናነሳለን። ጅምሩ ላይ የሚዘል ብዕር የ«ሸ»ን አናት በላ ማለት ወይዘሮ ሸዋዬ መዝገብ ላይ ሰዋዬ ሆኑ ማለት ነው። ስለዚህ ዋናው ፈተናዬ አንድ ነው፦ ብዕሩ ወረቀት እንደነካ ቀለም ይሰጣል ወይ?

አዲሱ አይሰጥም ነበር። በቀዝቃዛ ውሃ፣ ከዚያም ጠብታ ላርጎ በገባበት ውሃ አጠብኩት፤ ለውጥ የለም። ጫን ሲሉት ይጽፋል፣ እጅ ሲቀል ይዘላል። ይህ ምልክት ራሱ ብዙ ይናገራል፤ ጥፋቱ ከቀለም መተላለፊያው ይልቅ ጫፉ ላይ መሆኑን ይጠቁማል። ከሰዓት ሠሪ አሥር እጥፍ የሚያጎላ መነጽር ተውሼ ሳየው፣ ብረቱን ለሁለት የሚከፍለው ስንጥቅ ጫፍ ላይ የሚደርስበት ቦታ ከውስጥ በኩል ከልክ በላይ ተድቦልቡሏል። ቀለሙ እዚያ ድረስ ይመጣና ወረቀቱን ሳይነካ ይቆማል። መፍትሔው ጫፉን በጣም በትንሹ መሞረድ ነው። የጥፍር ሞረድ እጅግ ለስላሳው ገጽ ላይ፣ ብዕሩን ቀለም እንደያዘ፣ ሳልጫን የ8 ቁጥር ቅርጽ እየሣልኩ በየመሐሉ ወረቀት ላይ ሞከርኩት። የሄደ ብረት ስለማይመለስ ቸኩሎ መሞረድ አያዋጣም። አሁን ደህና ይጀምራል።

ገጹን አጋምሶ መድረቅ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቀለሙ በመምጠጫው፣ ማለትም ቀለም ስቦ በሚይዘው ቱቦ፣ የኋላ ጫፍ ተጣብቆ ይቀርና ወደ ፊት አይወርድም። ብዕሩን በጣት መታ መታ ማድረግ ለጊዜው ይረዳል፤ መምጠጫውን በሳሙና ውሃ አጥቦ በደንብ ማለቅለቅ ደግሞ ለረጅም ጊዜ። ከገጹ ግርጌ ብቻ የሚዘል ከሆነ ደግሞ ብዕሩን አትውቀሱት። መዳፋችሁ ወረቀቱን አወዝቶታል፤ ከእጃችሁ ሥር ብጣሽ ወረቀት አኑሩ።

ፓርከሯ ጋ ስመጣ አድልዎ አለብኝ። ይህ ሞዴል የወጣው በ1941 በፈረንጆች አቆጣጠር ነው፤ የእኔዋ ከ1948 ወዲህ ከመጡት፣ ቀለም የሚይዘውን ከረጢቷን ጫን ለቀቅ በማድረግ ከሚሞሉት ወገን ናት። የወርቅ ጫፏ በመከለያ ተሸፍኖ ጥቂት ብቻ ብቅ ይላል፤ ከመከለያው ሥር ደግሞ ትርፍ ቀለም የሚይዙ ስስ ክፍተቶች ተደርድረዋል። በዚህ የተነሳ ጫፏ ቶሎ አይደርቅም። ሊቀመንበሩ ስለ ድንኳን ኪራይ ሲያብራሩ ክዳኗን ከፍቼ እጠብቃለሁ፣ ውሳኔው ሲመጣ በመጀመሪያው ጭረት ትጽፋለች። አዲሱ ይህን አይችልም፤ በበጋ ደረቅ አየርማ ጭራሽ።

ስትገዛ ግን ውስጧ የደረቀ ቀለም ሞልቶ ነበር። ውሃ እያስገቡና እያስወጡ ማጠቡ ቀናት ፈጀ። መከለያውን ፈትቶ ማጠብ ያጓጓል፤ ሆኖም በሙጫ የታሸገ ስለሆነ ሳያሞቁ ቢያስገድዱት ይሰነጠቃል። አዲሱ እዚህ ላይ ይበልጣታል፦ ተፈታትቶ በደቂቃ ይታጠባል፣ ጫፉም በሌላ ይቀየራል። ጠፍጣፋ ጫፍ ቢገጠምለት እንደ መቃ ብዕር ወፍራምና ቀጭን ጭረት ያወጣል፤ ፓርከሯ ሁሉንም በአንድ ውፍረት ነው የምትጽፈው።

ከፒያሳ በእንጦጦ በኩል ለሚመላለስ ሰው አንድ ነገር ልጨምር። ሽቅብ ሲወጣ የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ግማሽ ባዶ ብዕር ውስጥ ያለው አየር ይሰፋና ቀለሙን ወደ ክዳኑ ይገፋዋል። ሞልታችሁ ያዙት፣ ወይም ጫፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ኪስ ውስጥ ክተቱት።

የማህተም ቀለም ለሁለቱም አታጠጡ፤ ለብዕር የተሠራ አይደለም፣ ይደፍነዋል።

አሮጌ ፓርከር ልትገዙ ከሆነ ሻጩን አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠይቁት። ጫፏን ነክራችሁ ከረጢቷን ስትጫኑ አረፋ ካልወጣ ተቀዷል ወይም መንገዱ ተዘግቷል። ከዚያ ጫፏን በመነጽር እዩ፤ ጫፉ ላይ ያለችው ጠንካራ ብረት ተበልታ ካለቀች፣ ክዳኗ የቱንም ያህል ቢያብረቀርቅ ዋጋ አትከራከሩ፣ እለፏት።