አየር ለሚሞላልን ሰው፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ምስጋናዬን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ነው። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያና ዲሲ ያላችሁ፣ በተለይ ፔይንትቦል የሚጫወት ልጅ ያላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ አንብቡልኝ።

ልጄ 16 ዓመቱ ነው። ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ከመጣንና ትምህርት ቤት ከቀየረ ወዲህ ቤት ውስጥ ድምፁ ጠፍቶ ነበር። ይመጣል፣ በሩን ይዘጋል፣ በቃ። ባለፈው ዓመት አንድ የክፍሉ ልጅ ፔይንትቦል ይዞት ሄደ። ቀለም በያዙ ጥይቶች መተኳኮስ ነው ጨዋታው። ጠመንጃ የሚለውን ቃል ስሰማ ሆዴ ተላወሰ። ያን ቀን ማታ ግን ጭቃ በጭቃ ሆኖ ገባና እራት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ አወራኝ። ከዚያ ወዲያ እምቢ ማለት አልቻልኩም።

ችግሩ አየሩ ነው። መሣሪያው የሚሠራው በታመቀ አየር ነው፤ ትንሿ ታንክ ደግሞ ቶሎ ታልቃለች። ልጆቹ የሚለማመዱት ፍሬድሪክ ያለው ወንድሜ ግቢ ውስጥ ነው፤ እዚያ አየር የሚሞላ የለም። ታዲያ ጠላቂዎች ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉትን የስኩባ ሲሊንደር ገዝቶ፣ ከሱ ወደ ትንሿ መገልበጥ እንደሚቻል ልጄ ሰማ። እኔ ጎሚስታ ጎማ እንደሚነፋው መስሎኝ ነበር። የመኪናዬ ጎማ የሚሞላው 32 ፒ.ኤስ.አይ (የአየር ግፊት መለኪያ) ነው። ይሄኛው 3000 ነው! ይህን ቁጥር ቀድሞ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ሰው ያገለገለ ሲሊንደር፣ አየሩን ወደ ትንሿ ከሚያሳልፈው ማገናኛ ጋር ሸጠልን። «ገና አዲስ ነው» አለን። የልጄ ታንክ እስከ 4500 የምትይዝ ናት፤ «ሁልጊዜ ጢም አድርጎ ይሞላላችኋል» ብሎ ማለልን። ውሸት ነው። በኋላ እንደገባኝ ትልቁ 3000 ከሆነ ትንሿ ከዚያ በላይ አታገኝም፤ በሞላችሁ ቁጥር ደግሞ ሁለቱም አብረው እየወረዱ ይሄዳሉ። ስንደውልለት ስልኩን አያነሳም።

ለማስሞላት ሄድን። አንዱ ሱቅ የጠላቂነት መታወቂያ ከሌላችሁ አንሞላም አለን። ደንባቸው ይሆናል፤ በዚህ አልከፋም። ያናደደኝ ልጄ «ታዲያ ምን ባደርግ ይሻላል?» ብሎ በትህትና ሲጠይቅ ሰውየው ፊቱን አዙሮ ሌላ ደንበኛ ማናገሩ ነው። ሌላው ጋ ደግሞ ምንም ሳያዩ ሞልተው ገንዘባቸውን ተቀበሉ። ያኔ ደስ ብሎኝ መርቄያቸው ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ቤት ስንሞክረው ማገናኛው ፍስስስ ይላል። ልጄ ያስተካከለ መስሎት ዘይት ቀባው። አሁንም ፍስስስ። በዚህ ምክንያት ነው ሦስተኛው ሱቅ የሄድነው። ከእኛ ሰፈር አርባ ደቂቃ ያስነዳል።

ሰውየው ዕድሜው ወደ 70 ይጠጋል። ሲሊንደሩን ጋደም አደረገና አንገቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር በጣቱ እየዳበሰ አነበበ። እዚህ አገር እንዲህ ያለ ሲሊንደር በየ5 ዓመቱ በግፊት መፈተሽ አለበት፤ የተፈተሸበት ወርና ዓመት እላዩ ላይ ይመታል። የኛ የመጨረሻው በፈረንጆቹ 2014 ይላል። «ይሄንን አልሞላም» አለ። በዚህ ብቻ ላመሰግነው በቻልኩ ነበር።

ቀጥሎ ማገናኛውን አነሳ። በአውራ ጣቱ አሸት አደረገና አሸተተው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ልጄ ቀስ ብሎ «የብስክሌት ሰንሰለት ዘይት» አለው። ሰውየው ዝም አለ። እኔ ቁጣውን ጠብቄ ትንፋሼን ያዝኩ።

አልተቆጣም! በርጩማ ስቦ ልጄን አጠገቡ አስቀመጠው። «የሚያፈስ ነገር አይተህ ለማስተካከል መሞከርህ ጥሩ ነው። የቀባኸው ነገር ግን እጅህን ሊያሳጣህ ይችል ነበር» አለው። ያ ሁሉ አየር በአንዴ ሲገባ ይሞቃል፤ ዘይት ካገኘ ደግሞ ሊቀጣጠል ይችላል። እኔ ብዙም አልገባኝም። ወንድሜ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ስነግረው ወዲያው ገባው። «ናፍጣ ሞተር ያለ ካንዴላ የሚነሳው በዚሁ አይደል?» አለኝና ራሱን ይዞ ቀረ።

ሰውየው ማገናኛውን አንድ በአንድ ፈታታው። እያንዳንዷን ዕቃ ነጭ ጨርቅ ላይ በተርታ ደረደረ፣ አጸዳ፣ መልሶ የገጠመው ግን ልጄ ነው። ሲያፈስ የከረመው አንዲት ቀጭን የጎማ ቀለበት ተቆርጣ ኖሮ ነው። አዲስ አደረገበት። ስንት ነው ብለው «ለሷ አልቀበልም» አለኝ። ትንሿንም ታንክ አስቀርቶ አስመረመራት።

ትልቁ ሲሊንደር ፈተናውን አልፎ፣ አዲስ ቀን ተመትቶበት መጣ። ጎኑ ላይ «ለፔይንትቦል ብቻ» ብሎ ጻፈበትና ሞላልን። ከዚያ አሞላሉን ለልጄ አሳየው። ቫልቩን በጣም ቀስ። ሌላው እጅ ትንሿ ታንክ ላይ። ሞቅ ካለች አቁም፣ ትቀዝቅዝ። ትንሿ ላይ ከተጻፈው ልክ አትለፍ። ስትጨርስ መሃል የቀረውን አየር ሳታስወጣ እንዳትፈታ። ሦስት ጊዜ አሠራው። በሦስተኛው እጁን ኪሱ ከቶ ዝም ብሎ ብቻ አየው። ልጄ ጨርሶ ቀና ሲል ፊቱን ብታዩት!

ጠመንጃ የሚለው ቃል እንደሚያስፈራኝ ስነግረው ደግሞ፣ መሣሪያው መጀመሪያ የተሠራው ደን ጠባቂዎች ዛፍ፣ ገበሬዎች ከብት በቀለም ምልክት እንዲያደርጉበት እንደሆነ አጫወተኝ። ጨዋታ የሆነው በ1981 ኒው ሃምፕሺር ውስጥ፣ በ12 ሰዎች ነው አለኝ። ልቤ አረፈ። ልጄን «ጋሼ በለው» አልኩት፤ አሁን እንደዚያ ነው የሚጠራው።

እባካችሁ ያገለገለ ሲሊንደር ከመንገድ ገዝታችሁ ጓዳ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ አንገቱ ላይ ያለውን ቀን እዩ። ካልገባችሁ እሱ ጋ ውሰዱት። እሱ ጋ ውሰዱት እላለሁ! እንግሊዝኛ ቢያስቸግራችሁም ታግሶ ይሰማችኋል፤ እናቴን ይዣት ሄጄ አይቻለሁ። በየዓመቱ ውስጡ መታየት እንዳለበትም ራሱ ያስታውሳችኋል። ስሙን ሳላስፈቅደው አደባባይ ማውጣት አልፈለግኩም፤ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አድራሻውን እሰጣለሁ።

ለበዓል ድፎ ዳቦ ጋግሬ ወስጄለት ነበር። ከኮባው ጋር ሊበላው ሲል ልጄ ሮጦ ደረሰለትና ያን ቀን እሱ በተራው አስተማረው።

የፊታችን ቅዳሜ ጠዋት የልጄን ጓደኞች ሲሊንደር ለማስመርመር እንሄዳለን። መኪናዬ ላይ ሁለት ቦታ አለ።