ካንዴላው ሳይታይ ቱርቦ አትቀይሩ

በሦስት ወር ውስጥ አንድ ጋራዥ ለአንድ ብልሽት ሦስት ጊዜ አስከፍሎኛል፤ መጀመሪያ ለኮይል (ነዳጁን በብልጭታ ለሚያቀጣጥለው ካንዴላ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ዕቃ)፣ ቀጥሎ ለኢንጀክተር (ነዳጅ የሚረጨው)፣ በመጨረሻም ለቱርቦ (በጭሱ ተሽከርክሮ ወደ ሞተሩ አየር የሚያጭቀው)። ከሦስቱ አንዱም የችግሩ መነሻ አልነበረም። ቱርቦ ያለው የስፖርት መኪና የምትነዱ ሁሉ በእኔ የደረሰው እንዳይደርስባችሁ ነገሩን ከመነሻው ልንገራችሁ።

መኪናው በዝግታ ሲሄድ ምንም አይሰማውም ነበር። ለመቅደም ፔዳሉን ጠበቅ አድርጌ ስረግጥ ግን ሞተሩ ይቆራረጣል፣ ይርገፈገፋል፣ ከዚያ ጉልበቱ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። አንድ ቀን የጭነት መኪና በመቅደም ላይ ሳለሁ እንዲሁ ሆነ። ከፊት ለፊት የሚመጣው መኪና መብራቱን እያበራ ይቀርባል፤ እኔ እረግጣለሁ፤ ሞተሩ አይሰማም። ያን ቅጽበት አሁንም ሳስበው ያመኛል። የዳሽቦርዱ የሞተር መብራትም ያን ጊዜ ብልጭ ድርግም ይል ጀመር።

ጋራዡ የምርመራ መሣሪያውን ሰካ፤ ፒ0303 የሚል ኮድ ወጣ፤ ወዲያውኑ "ሦስተኛው ኮይል ተቃጥሏል" ተባልኩ። ኮዱ ግን እንዲህ አይልም። የሚለው በሦስተኛው ሲሊንደር ውስጥ ነዳጁ በአግባቡ አልተቃጠለም ብቻ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ይህን የሚያውቀው የክራንክሻፍቱን፣ ማለትም ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩትን ዋና ዘንግ፣ ፍጥነት እየተከታተለ ነው፤ አንዱ ሲሊንደር ተራው ደርሶ ሳያቃጥል ሲቀር የዘንጉ ዙር ለቅጽበት ይዘገያል። ምክንያቱን ግን ኮዱ አይናገርም። ያረጀ ካንዴላ፣ የተበላሸ ኮይል፣ የተዘጋ ኢንጀክተር፣ የተቆረጠ ሽቦ፣ በደንብ የማይዘጋ ቫልቭ፣ ሁሉም ያንኑ ቁጥር ያወጣሉ።

መለያው ደግሞ ምንም ወጪ የለውም። የሦስተኛውን ኮይል ነቅሎ ሁለተኛው ላይ፣ የሁለተኛውን ሦስተኛው ላይ መሰካትና መኪናውን እንደገና መንዳት ነው። ኮዱ ወደ ፒ0302 ከተዛወረ ጥፋቱ የኮይሉ ነው፤ እዚያው ከቀረ ሌላ ቦታ መፈለግ አለበት። በብዙ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ላይ ይህ የደቂቃዎች ሥራ ነው። አልተደረገልኝም።

አዲሱ ኮይል ሁለት ሳምንት ሠራ፤ ከዚያ ያው መርገፍገፍ ተመለሰ። ኢንጀክተሮቹ ተቀየሩ፤ ለውጥ የለም። ይበልጥ የሚያናድደኝ ግን በመሃል የተሰጠኝ ምክር ነው፤ "ግድ የለም፣ ዕቃው እስኪመጣ ይንዱት" አሉኝ። መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል መልእክቱ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊቲክ ኮንቨርተሩን (የጭስ ማጣሪያውን) እየጎዳ ነው ማለት ነው። ነዳጁ እዚያ ደርሶ ሲነድ ሙቀቱ ከመጠን ያልፋል፤ የውስጡ የማር እንጀራ የመሰለ ሴራሚክ ይቀልጥና የጭሱን መውጫ ይዘጋል። የእኔም ተዘጋ። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር መተንፈስ አቃተው፤ ከቱርቦው በኋላ ያለው መንገድ ስለታፈነ ተርባይኑ (ጭሱ የሚያዞረው የቱርቦው ክፍል) በደንብ አልሽከረከር አለ፤ የአየር ግፊቱም ወረደ። ጋራዡ የወረደውን ግፊት አይቶ "ቱርቦው አልቋል" አለ። የቱርቦው ዘንግ መላላቱን በእጁ እንኳን አልፈተሸም።

በኋላ መኪናውን ያሳየሁት ሌላ መካኒክ ሦስተኛውን ኮይል ሲነቅለው ጫፉ ላይ ያለው ጎማ ዘይት ጠጥቶ አብጦ ነበር፤ ካንዴላው የሚቀመጥበት ጉድጓድም ዘይት አቁሯል። የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ክዳን ጋስኬት፣ ማለትም ዘይት እንዳይወጣ የሚያሽገው ማሸጊያ፣ አርጅቶ ወደ ካንዴላው ጉድጓድ ያንጠባጥብ ነበር። ጎማው ሲበላሽ የኤሌክትሪክ ብልጭታው በካንዴላው ጫፍ በመዝለል ፈንታ በጎማው ጎን ወደ ሞተሩ አካል ያመልጣል። ቱርቦው አየር ሲያጭቅ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ግፊት ስለሚጨምር ብልጭታው ለመዝለል የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ስለዚህ ችግሩ ፔዳል ሲረገጥ ብቻ ይታይ ነበር። አዲሱ ኮይልም ሁለት ሳምንት የሠራው ጎማው በዘይት እስኪርስ ድረስ ነው። ከዚያ ከኮንቨርተሩ በፊት ያለውን፣ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክሲጅን የሚለካውን ሴንሰር ፈትቶ በቀዳዳው የግፊት መለኪያ ገጠመ፤ ኮንቨርተሩ መዘጋቱ በዓይኔ ፊት ታየ።

እባካችሁ፣ ኮድ ከመጥፋቱ በፊት ፎቶ አንሱ። ከኮዱ ጋር ኮምፒውተሩ ብልሽቱ በታየበት ቅጽበት የነበረውን የሞተር ዙር፣ ሙቀትና ጭነት ይመዘግባል፤ ኮዱ ሲሰረዝ ይህም አብሮ ይጠፋል። የእኔ ጋራዥ ከእያንዳንዱ ቅያሪ በኋላ ሰርዞታል፤ ቀጥሎ ያየው ሰው ከባዶ እንዲጀምር አድርጎታል። ያገለገለ መኪና የምትገዙም በምርመራ መሣሪያው ላይ የመኪናው ኮምፒውተር ራሱ የሚያደርጋቸውን ፍተሻዎች ተመልከቱ፤ ብዙዎቹ "አልተጠናቀቀም" ካሉ ኮዱ በቅርቡ ተሰርዞ ወይም ባትሪው ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ሻጩ ምክንያቱን እስኪያስረዳ ክፍያ አትፈጽሙ።

"ይህ ዕቃ ይቀየር" ስትባሉ በየትኛው ሙከራ እንደታወቀ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የወጣውንም ዕቃ መልሳችሁ ተቀበሉ። እኔ አሮጌውን ቱርቦ የጠየቅሁት ዘግይቼ ነው፤ "ተጥሏል" አሉኝ። ጤነኛ እንደነበር የማሳይበት ማስረጃም አብሮ ጠፋ፤ የገንዘቤ ጥያቄ እስከ ዛሬ መልስ አላገኘም።