ሳይለካ የማይሸጥ ባለሙያ፦ ለሳቢያኑ ልጅ ምስጋና

በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ ያየ ሰው የወንዙ ዳርቻ ካርታ ለምን እንደሚያስፈልግ አይጠይቅም። እዚያው ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ያለችው ትንሿ የቅየሳ ቢሯችን የምትሠራው ይህንኑ ነው። በፈቃድ ከድሮን የተነሱ ፎቶዎችን ገጣጥመን የመሬቱን ከፍታና ዝቅታ የሚያሳይ ሞዴል እናወጣለን። ባለፈው ግንቦት የተረከብነው ሥራ 2,400 ፎቶ ነበረው። ለኮምፒውተራችን የሦስት ቀን ሥራ ነው፤ በሁለተኛው ቀን መብራት ይጠፋል፣ የመጠባበቂያ ባትሪው (ዩፒኤሱ) ሃያ ደቂቃ ይታገላል፣ ከዚያ እንደገና ከዜሮ። አራት ጊዜ ጀመርነው። ደንበኛው ደግሞ ክረምቱ ሳይገባ ይፈልገዋል።

አንድ ሻጭ ስሌት የሚያፋጥን ውድ የግራፊክስ ካርድ ያለው ሰርቨር፣ ማለትም ትልቅ ኮምፒውተር፣ እንድንገዛ መከረን። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የዕቃ ዋጋ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ። ልንፈርም አንድ ቀን ሲቀረን አንድ ወዳጄ ይህን የኮምፒውተር ባለሙያ ልጅ ከሳቢያን ሰፈር ይዞት መጣ።

ገና ከመግባቱ "አንተ፣ ይህችን ክፍል ለኮምፒውተር ማን መረጠልህ?" አለኝ። አባቱ እሆናለሁ፤ ከደሴ ከመጣሁ አሥራ አንድ ዓመት ቢያልፈኝም የድሬ "አንተ" አሁንም አልፎ አልፎ ያስደነግጠኛል። መዳፉን ሳጥኑ ላይ አሳርፎ ቶሎ አነሳና "እንጀራ ይጋገርበታል" አለ። ክዳኑን ሲከፍተው ከማራገቢያው የወጣው አቧራ አንድ ሲኒ ይሞላል። አጸዳው፣ ሥራውን አስጀመረ፣ ከዚያም ጠዋቱን ሙሉ ቁጭ ብሎ ስክሪኑን ተመለከተ። ስሌቱን የሚሠራው ፕሮሰሰር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቷል። 32 ጊጋባይት ሜሞሪው ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ትርፉን ወደ ቀርፋፋው ዲስክ እየገለበጠ ነው። "ካርድ ብትገዛም ካርዱ ወረፋ ይጠብቃል እንጂ አይሠራም" አለኝ። ሳይለካ አልሸጠልኝም፤ ምስጋናዬ ከሁሉ በላይ ለዚህ ነው።

በወር አንድ ሁለቴ ለሚመጣ ከባድ ሥራ ማሽን መግዛት እንደማያዋጣ አስረድቶ ወደ ክላውድ፣ ማለትም በኢንተርኔት ወደሚከራይ የሌላ ድርጅት ኮምፒውተር፣ ወሰደን። 128 ጊጋባይት ሜሞሪና የግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን በሰዓት ተከራየን። ፎቶዎቹ 24 ጊጋባይት ያህል ነበሩ፤ የእኛ መስመር ደግሞ በየመሃሉ ይቆረጣል። ስለዚህ ፋይሉን በቁራጭ በቁራጭ የሚልክ፣ ሲቋረጥም ካቆመበት የሚቀጥል ትንሽ ፕሮግራም ጻፈልን። ማታ አስጀምረን ጠዋት ስንመጣ ሁሉም ደርሷል። ፎቶ ወደ ላይ መጫን እንደማያስከፍል፣ ውጤት ማውረድ ግን በጊጋባይት እንደሚያስከፍል ነግሮን የመጨረሻውን ሞዴል ብቻ አወረድን። የምንከራየው ሰርቨር ኬፕ ታውን ይሁን ፍራንክፈርት ለእንዲህ ያለው ስሌት ግድ እንደሌለው፣ ዋጋው ግን ከቦታ ቦታ እንደሚለያይም ከእሱ ነው የተማርኩት። የሦስት ቀኑ ሥራ በሰባት ሰዓት አለቀ፤ የማሽኑ ኪራይ 20 ዶላር አልሞላም።

የሒሳብ መዝገባችንንስ ወደዚያው እናውጣው ብዬ ነበር። እምቢ አለኝ። በየቀኑ የምትነኩት ቀላል ሥራ ነው፣ ኢንተርኔት በጠፋ ቁጥር ቢሮው ይዘጋል፣ ቅጂው ብቻ ይውጣ አለ። ገንዘብ ሊያገኝበት የሚችለውን ሥራ እምቢ ሲል የኮምፒውተር ባለሙያ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጥፋት የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ዓርብ ማታ ማሽኑን ሳላጠፋ ወደ ቤት ሄድኩ። ክላውድ ሠራህ አልሠራህ ቆጣሪው ይቆጥራል፤ ሰኞ ጠዋት ስመለስ ወደ 150 ዶላር ደርሷል። ልጁ ያዘጋጀው ማስጠንቀቂያ ቅዳሜ ዕለት በኢሜይል ደርሶኝ ሳልከፍተው ተቀምጧል። ስነግረው ሳቀ፤ በዚያው ቀን መጥቶ ማሽኑ ሥራ ሲፈታ በራሱ እንዲጠፋ አደረገው፣ ለዚያም አላስከፈለኝም።

ነውር የለውም አልልም። በቀጠሮ ላይ ግማሽ ሰዓት መጨመር ልማዱ ነው፤ የሠራውንም በወረቀት አስፍሮ እንዲሰጣችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ መወትወት ያስፈልጋል። ስሙን እዚህ ያልጻፍኩት ራሱ ስላልፈለገ ነው። ከባድ ስሌት ያለባችሁ፣ ሰርቨር ልትገዙ ያሰባችሁም በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ቁጥሩን እልካለሁ። ስትደውሉ ግን ከምሳ በፊት ይሁን፤ ከምሳ በኋላ እሱም እንደ ድሬ ሰው ሁሉ ስልክ አያነሳም።