የፒክአፗን ኋላ ካወረድኩት 16 ወር ሆነኝ

ፒክአፗ የ1979 ሸቭሮሌ ሲ10 ናት። ካሶኒዋ አጭር፣ ጋቢናዋ አንድ። አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ቤታችን ፊት ለፊት ትቆማለች። ከ1973 እስከ 1987 የተሠራው ይህ ትውልድ በማዕዘናማ ቅርጹ ስለሚታወቅ አሜሪካኖቹ «ስኩዌር ቦዲ» ይሉታል። ኋላዋ ባሌስትራ ነው። የዛሬ 16 ወር ያንን ኋላ 6 ኢንች፣ ወደ 15 ሴንቲሜትር ገደማ፣ አወረድኩት። ከዚያ ወዲህ 7,000 ማይል ነድቻታለሁ። ሥራ ሄጄባታለሁ፣ ዕቃ ጭኜባታለሁ፣ አንድ ቀን ደግሞ በደንብ አፍሬባታለሁ።

ለምን አወረድካት ለሚለኝ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ ታስጠላ ነበር። የቀድሞው ባለቤት ፊቷን በስፒንድል (የፊት ጎማው የሚሰካበት ብረት) 2.5 ኢንች አውርዶ ኋላዋን ሳይነካ ተወው። እነዚህ መኪኖች ከፋብሪካ ሲወጡም ባዶ ከሆኑ ኋላቸው ትንሽ ቀና ይላል፤ ጭነት ሲገባ ነው የሚስተካከሉት። ፊቷ ብቻ ሲወርድ ጊዜ ልትራገጥ የተዘጋጀች አህያ መሰለች።

መጀመሪያ የሞከርኩት ሻክል ነው። ሻክል የባሌስትራውን የኋላ ጫፍ ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው ተወዛዋዥ ብረት ነው። በረጅም ሻክል ይቀየርና መኪናዋ 2 ኢንች ትወርዳለች። የሚንቀሳቀሰው አንዱ ጫፍ ብቻ ስለሆነ፣ ጫፉ 4 ኢንች ቢሄድ መሃል ላይ ያለው አክስል የሚደርሰው 2ቱ ነው። በአንድ ከሰዓት አለቀ። አህያዋ ግን አሁንም አህያ ናት።

ከዚያ ፍሊፕ ኪት ገዛሁ። ከነሾክ አብዞርበሮቹ 300 ዶላር ገደማ ወጣብኝ። በዚህች መኪና ባሌስትራው ከአክስሉ በላይ ነው የተቀመጠው። ኪቱ ቦታቸውን ያቀያይራል፤ አክስሉ ከላይ፣ ባሌስትራው ከታች ይሆናል። ሻክሉን ወደ ድሮው መልሼ ይህን አስገባሁ። ሶማሌ ተራ ያደጉ፣ አሁን እዚሁ ሰፈራችን ያሉ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሲያዩኝ «አንተ ልጅ፣ ሰው ባሌስትራ ይጨምራል እንጂ እንዴት ይገለብጣል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አገር ቤት ፒክአፕ የገዛ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ተጨማሪ የባሌስትራ ቅጠል (አንዱን ንብርብር ብረት) አስገብቶ ኋላውን ማንሳት ነው። እኔ ደግሞ ደህናውን አወርዳለሁ።

ሥራው ቅዳሜና እሑድን በላ። አብዛኛው ሰዓት የሄደው ከዝገት ጋር በመታገል ነው። አክስሉን ከባሌስትራው ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች 40 ዓመት ተነክተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ዳዶዎቹ አልፈታ ስላሉ በመፍጫ ቆረጥኳቸው። ግዴለም፤ እነዚህ ብሎኖች አንዴ ከተጠበቁ በኋላ ስለሚለጠጡ ተመልሰው አይገቡም፣ አዲስ ነው የሚገዛላቸው። አዲሶቹንም 100 ማይል ከነዳሁ በኋላ ደግሜ አጠበቅኳቸው። አራቱም ሩብ ዙር ያህል ገቡ። ይህን የዘለለ ሰው አክስሉ እየተንሸራተተ መሄዱን የሚያውቀው ጎማው ሲበላ ነው።

አነዳዷ እንዴት ሆነ? ይህን ሁሉም ይጠይቀኛል። ሰው የወረደ መኪና ሁሉ ድንጋይ ይመስለዋል። ባሌስትራው ግን ያው የድሮው ስለሆነ ልስላሴው አልተለወጠም። ባዶ ስትሆን ጉድጓድ ላይ እንደ ድሮዋ ትዘላለች። ከሀይዌይ መውጫ ጠምዛዛው ላይ ግን ድሮ ታጋድል የነበረችው አሁን መሬቱን ይዛ ነው የምትዞረው። የተቀነሰው ሌላ ነገር ነው፤ አክስሉ ወደ ላይ የሚንቀሳቀስበት ክፍተት። እሱን በኋላ በደንብ አወቅኩት።

የመጀመሪያው ወር በጥቃቅን ጉዳዮች አለፈ። የጭስ ማውጫው ቱቦ በአክስሉ አናት ላይ ነው የሚያልፈው። አክስሉ ወደ ላይ ሲጠጋ ቱቦው እየተመታ ጠቅ ጠቅ ማለት ጀመረ። አሳጥሬ ከአክስሉ ፊት ወደ ጎን አወጣሁት። ከ55 ማይል በላይ ስሄድ ደግሞ ወለሉ ይንቀጠቀጥ ነበር። ጎማ ነው ብዬ ሁለት ጊዜ ባላንስ አሠራሁ፤ ገንዘቤን በላሁት። ጥፋቱ ያለው ካርዳኑ ላይ፣ ከካምቢዮው ወደ ኋላው አክስል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ ላይ፣ ነበር። አክስሉ ሲነሳ ዲፈረንሻሉ የሚያይበት አንግል ይቀየራል። ከካምቢዮው መውጫ ጋር ትይዩ ካልሆነ የካርዳኑ ሁለት ክሮቼራዎች (ጫፎቹ ላይ ያሉት መተጣጠፊያዎች) እኩል አይዞሩም፣ ይንቀጠቀጣል። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል 2 ዲግሪ ሽብልቅ ብረት አስገባሁ። ዝም አለ።

የፊት መብራቱ ነገር ግን እስካሁን ያስቀኛል። ኋላዋ ሲወርድ አፍንጫዋ ከድሮው ቀና አለች፤ መብራቱም አብሮ ቀና አለ። ማታ ማታ ከፊት የሚመጣው ሰው ሁሉ መብራት ያብለጨልጭልኛል። መኪናዋን አድንቀው መስሎኝ እጄን እያውለበለብኩ አጸፋውን ስመልስ ሁለት ሳምንት ከረምኩ። ነገሩ የገባኝ ለምርመራ ስወስዳት ነው። ቨርጂኒያ በየዓመቱ የመኪና ደህንነት ምርመራ ታስደርጋለች፤ መርማሪው መብራቱ ሰማይ ያያል ብሎ ሁለት ብሎን አዙሮ አወረደልኝ።

ያፈርኩበት ቀን የደመራ ዋዜማ ነው። ለቤተ ክርስቲያን 30 እሽግ ውሃ ጫንኩ። 24 ግማሽ ሊትር የያዘ እሽግ 12 ኪሎ ያህል ስለሆነ በጠቅላላው 360 ኪሎ ገደማ ነው። ለዚህች መኪና ምንም አልነበረም። ባለቤቴ ጋቢና ውስጥ ድፎ ዳቦ ጭኗ ላይ አድርጋለች። ወደ ሜሪላንድ ስንሻገር፣ ዊልሰን ድልድይ መጋጠሚያው ላይ፣ ከኋላ «ጓ!» የሚል ድምፅ መጣ። በወንበሩ በኩል ወገቤ ድረስ ተሰማኝ። ዳቦው ተነስቶ ዳሽቦርዱን መታ። ባለቤቴ መጀመሪያ ዳቦውን አየች፣ ቀጥሎ እኔን። «ይሄ ነው ያሳመርከው?» አለች። ሌላ ቃል አልወጣትም።

በማግስቱ ከሥር ገባሁ። ባምፕ ስቶፑ፣ ያ አክስሉ ሻንሲውን እንዳይመታ የሚቀመጠው የላስቲክ ጉማጅ፣ ተሰንጥቋል። ከጎኑ ሻንሲው ላይ የሳንቲም ስፋት ያላት ቦታ ቀለሟ ተልጦ ብረቷ እንደ ብር ታበራለች። አክስሉ የመታው እዚያ ነው። ባዶ ሆና በአክስሉና በሻንሲው መካከል ሁለት ጣቴን ብቻ ነው ማስገባት የቻልኩት። ኪቱን የሸጠልኝ ሰው «ሲ ኖች ለመንገድ መኪና አያስፈልግም» ብሎኝ ነበር። እኔም ማመን ስለፈለግኩ አመንኩት።

ሲ ኖች ማለት ሻንሲውን ከአክስሉ አናት ላይ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ቆርጦ ወፍራም ብረት ማልበስ ነው። ለእጄ የማይሆን ሥራ ስለሆነ ለበያጅ ሰጠሁት፤ 600 ዶላር ወሰደብኝ። ካሶኒው ተነሳ። በሻንሲው ላይ የሚያልፉት የፍሬን ቱቦና ሽቦዎች ከመንገድ ተነሱ። የዚህ ትውልድ የነዳጅ ታንኮች ከሻንሲው ውጭ በጎን በኩል ስለሆኑ የብየዳው ፍንጣሪ እንዳይደርስባቸው ታንኩ ወረደ። አሁን አራት ጣት ተኩል ይገባል። በዚያው ውሃ ልክ ጭኜ በዚያው ድልድይ ተመለስኩ፤ ባለቤቴ ባትኖርም ድምፅ አልነበረም።

ደግሜ ብሠራ 4 ኢንች ላይ አቆም ነበር። 6 ኢንች ፎቶ ላይ ያምራል፣ ግን ያለ ኖች ጭነት መጫን አይታሰብም። ኖች ሲጨመር ደግሞ የ300 ዶላሩ ሥራ 900 ይሆናል። መኪናዋን ዕቃ ሊሠራባት ለሚፈልግ ሰው አልመክርም። ቅጠል እየነቀሉ ማውረድንማ ጭራሽ፤ ያኔ የሚሸከም ነገር አይቀርም።

የሚገርመው የካሶኒዋ ከንፈር ጉልበቴ አካባቢ ስለደረሰ መጫን ቀላል ሆኗል። ግን የቀለለኝ ከድሮው ያነሰ መሸከም ከጀመረች በኋላ ነው። የድሮ ክሪኬም ከሥሯ አልገባ ብሎ ዝቅተኛ ገዛሁ። ጎማ ስቀይርም ክሪኩን ከሻንሲው ሥር ነው የማደርገው፤ አክስሉ ካልተንጠለጠለ ጎማው ከፓራፋንጎው ከንፈር አይወጣም።

አሁን በግራ በኩል የባሌስትራው ቡሽ (ጫፉ ላይ ያለው ማቀፊያ)፣ የፊተኛው፣ ጠዋት ጠዋት መንጫጨት ጀምሯል። ቅዳሜ እገባበታለሁ።