ከደብረ ማርቆስ ሸማኔ በቴሌግራም የገዛሁት ጋቢ

ባጭሩ፦ ጋቢው አንደኛ ነው። አሻሻጡ ግን ብዙ ይቀረዋል። ዝርዝሩን ለምትፈልጉ ይኸው።

ሻጯ ደብረ ማርቆስ ያለች ወጣት ናት። ከአንድ አንጋፋ ሸማኔ ጋር ተጣምራ ጋቢ፣ ነጠላና ቡሉኮ በቴሌግራም ትሸጣለች። የቻናሉን ስም አልጠራም። ማስታወቂያ ይመስልብኛል፣ ደግሞም ከታች የምወቅሳት ነገር አለ።

ግማሹን በቴሌብር ትልካላችሁ፣ ቀሪውን ዕቃው ሲደርስ። እኔ ያለሁት ባሕር ዳር ነው፤ ጋቢው የመጣልኝ በአውቶቡስ፣ ለረዳቱ ተሰጥቶ ነው። 4,500 ብር ከፈልሁ። እዚህ ገበያ ውስጥ ከዚያ ባነሰ ጋቢ አይጠፋም፣ ግን ምን ዓይነት ጋቢ?

ልዩነቱ ፈትሉ ላይ ነው። አሁን አሁን አብዛኛው ጋቢ ድሩ፣ ማለትም በቁመቱ የሚወጠረው ክር፣ የፋብሪካ ነው፣ ይሄ ነውር የለውም፤ ድር ተወጥሮ ስለሚሠራበት ጠንካራና እኩል ክር ይፈልጋል። ጋቢን ጋቢ የሚያደርገው ማጉ፣ በድሩ መሐል በአግድም የሚገባው ክር ነው። በእንዝርት የተፈተለ ማግ ጣት ሲያልፍበት እዚህ ወፈር፣ እዚያ ቀጠን ይላል፤ መጀመሪያ ትንሽ ይሻክራል፣ ከታጠበ በኋላ ግን እየለሰለሰና እየሞቀ ይሄዳል። የፋብሪካው ማግ ገና ሲገዙት ልሙጥ ነው፣ ሲያረጅም ያው ነው። ብዙ ሻጭ ደግሞ ሳያፍር «ሙሉ በሙሉ የእጅ ፈትል» ብሎ ይለጥፋል። ይቺ ልጅ ስጠይቃት «ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ የእጅ» ብላ ቁርጡን ነገረችኝ። ብሩን የላክሁት ያኔ ነው።

ሲደርሰኝ መጀመሪያ ጠርዙን ቆጠርሁ። አራት እጥፍ። ከዚያ መስኮት ላይ ዘርግቼ ወደ ብርሃን አየሁት፤ ሳሳ ያለ ቦታ የለውም። አንዴ ታጥቧል። ትንሽ ተሰብስቧል፣ ጥጥ ስለሆነ የሚጠበቅ ነው። የጥለቱ ቀለም አልለቀቀም።

ጥቅሉ ውስጥ አንዲት ወረቀት ነበረች። የሸማኔው ስም፣ የፈታይዋ ስም፣ የሸማኔው ስልክ። እውነት ለመናገር ከጋቢው እኩል ደስ ያለኝ ይሄ ነው። በአገራችን ሸማውን ሁሉም ይለብሳል፣ ሠሪውን ግን ሲንቅ ኖሯል። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ እስከማስነገር ደርሰዋል፤ ሸማኔውም ከሚሰደቡት አንዱ ነበር። ስድቡ በአዋጅ ብቻ እንዳልጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ነጋዴው ደግሞ በሌላ ምክንያት ሠሪውን ይደብቃል፤ ገዢው እሱን ዘሎ እንዳይሄድበት። ይቺ ልጅ ስልካቸውን ጭምር ጽፋ መላኳ ድፍረት ነው።

ስልክ ተሰጥቶኝ ዝም አልልም፣ ደወልሁ።

«አባቴ፣ አንድ ጋቢ ስንት ቀን ይፈጅብዎታል?»

«እሱ እንደ ፈትሉ ነው ልጄ። ፈትሉ ከቀረበልኝ ሽመናው አያስቸግርም። ሰው የሚያስጠብቅ ፈትሉ ነው።»

እውነታቸውን ነው። ጥጡ ይዳመጣል፣ በደጋን ይነደፋል፣ ባዘቶ ይሆናል፣ ከዚያ ነው እንዝርት ላይ የሚወጣው። «ለምን ዘገየብኝ?» የምትሉ ካላችሁ መልሱ እዚህ ውስጥ አለ።

ስለ ሽርክናውም ጠየቅኋቸው። ጥጡንና ክሩን የምታቀርበው እሷ ናት። እሳቸው በሠሩት ልክ፣ ዕቃው ገና ሳይሸጥ ይከፈላቸዋል። ትርፉ የሷ ነው፣ ሳይሸጥ ቢቀር ኪሳራውም የሷ። በፊት ሠርተው ገበያ ያወጡ ነበር፤ ነጋዴው እስኪመሽ ጠብቆ ዋጋ ይሰብርባቸዋል፣ ተሸክመው ከመመለስ ብለው ይሰጡታል። አሁን ዋጋው ቻናሉ ላይ ስለሚለጠፍ ልጃቸው ያነብላቸዋል። «ስንት እንደምታተርፍ አውቃለሁ፣ እሷም ማወቄን ታውቃለች» አሉኝ እየሳቁ። እኔ ይሄን ከኮሚሽን አሠራር እመርጠዋለሁ። በኮሚሽን ከሆነ ሠሪው ዕቃው እስኪሸጥ ባዶ እጁን ይቀመጣል፣ ዕቃው ቢቆሽሽ ወይ ብል ቢበላው ደግሞ ማን ይጠየቃል?

አሁን ወደ ወቀሳው። ፎቶዎቿ ያሳስታሉ። ፊልተር ታበዛለች፤ እኔ ጥቁር ሰማያዊ ነው ያልሁት ጥለት ሲመጣ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ነው። ቀለሙን ወድጄዋለሁ፣ ያዘዝሁት ግን ያንን አይደለም። ልኬት የሚባል ነገር አትጽፍም። «ትልቅ» እና «መካከለኛ» ብቻ ነው ያለው፣ ረዥም ሰው ምን ያህል እንደሚሸፍነው በምን ይወቅ? አስተሻሸጓም አያስተማምንም፤ ነጭ ጋቢ በስስ ፌስታል ጠቅልሎ አውቶቡስ ላይ መጫን እኔን አስደንግጦኛል። ዕቃው ባይስማማኝ ልመልሰው እችላለሁ ወይ ብዬ ስጠይቃት «እንነጋገራለን» አለችኝ። ይሄ መልስ አይደለም። ተጽፎ ይለጠፍ።

መልስ ማዘግየቷን ግን ብዙም አልቆጥርባትም። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ በአማራ ክልል ለወራት ሲቋረጥ ትእዛዝ የምትቀበለው በስልክ ጥሪና በቴክስት ነበር፣ ፎቶ መላክ የለ፣ ምን የለ። በዚያ ሰዓት ደንበኞቿ ባያዩም አምነው የገዙት ቀድሞ ከሷ የወሰዱት ጋቢ ደህና ስለሆነ ነው፤ ይሄን የነገረችኝ እሷ ብትሆንም ጋቢውን ካየሁ በኋላ ለማመን አልከበደኝም።

ባሕር ዳር ከ1950ዎቹ ጀምሮ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያላት ከተማ ናት፣ ዩኒቨርሲቲያችን ውስጥም የጨርቃ ጨርቅ ተቋም አለ። እዚያ የሚማሩ ልጆች እንዲህ ካሉ ሸማኔዎች ጋር ቢጣመሩ ምን ነበረበት እላለሁ። ደህና ፎቶ ማንሳትና ልኬት መጻፍ ለነሱ ቀላል ነው።

ልታዙ የምታስቡ ካላችሁ፦ ቁመቱንና ወርዱን በሜትር ጠይቁ፣ ጥለቱን ያለ ፊልተር፣ ፀሐይ ላይ አንስታ እንድትልክላችሁ አድርጉ፣ ማጉ የእጅ መሆኑንም በጽሑፍ አስመልሱ። ለበዓል ከሆነ ቀደም በሉ፤ በበዓል ሰሞን ፈታይዎቹ ሥራ ይበዛባቸዋል።

እኔ ለእናቴ ነጠላ አዝዣለሁ። በዚህ ጊዜ የጥለቱን ቀለም የመረጥሁት ሸማኔውን ደውዬ ነው፣ ልጅቷም አልተቆጣችም።